ዘግይቶ የደረሰ ወሬ

ውብሸት ወሬ ይወዳል። የሰፈር ሐሜት አይደለም፤ እሱንማ የሚወድ ሞልቷል። የእሱ ወሬ ዓለም ሠርታ የረሳችው፣ ሰው ሰምቶ «ሂድ እባክህ!» የሚለው ዓይነት ነው። ሥራው ቱሪስት በቫን ጭኖ ከላስ ቬጋስ እስከ ሁቨር ግድብ ማመላለስ ነው። መንገድ ላይ ማይክራፎኑን ይዞ፣ አውስትራሊያ በአንድ ወቅት ኢሙ በሚባሉ ግዙፍ ወፎች ላይ ወታደርና መትረየስ አዝምታ ወፎቹ እንዳሸነፉ ሲተርክ ከኋላው ያለው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ወሬው ደግሞ እውነት ነው። ውብሸት ፈጥሮ አያወራም፤ ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል።

ቤት ሲገባ አድማጩ ታላቅ እህቱ አመለወርቅ ናት። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ አንድ አውሮፕላን ተሳፍረው የመጡ ናቸው። እሷ ባሏ ከሞተ፣ እሱም ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ዳር ባለች አፓርታማ አብረው ይኖራሉ። እሷ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ የማለዳውን ሺፍት ትሠራለች። ማታ ማታ ውብሸት ጫማውን ሳያወልቅ «እታለም፣ ብነግርሽ አታምኚም» ሲል፣ እሷ ከወጥ ቤት ሳትዞር «ንገረኝ፤ ካንተ አፍ ከሆነ አምናለሁ» ትለዋለች። ይህን መባባል የጀመሩት ካምፕ ውስጥ በልጅነታቸው ነው፤ ያኔ በየቀኑ ከሚናፈሰው ስንት ወሬ መሃል እሷ የምታምነው የወንድሟን ብቻ ነበር።

የአመለወርቅ ልጅ ዳግም ወሬ መውደዱን ከአጎቱ ወርሶታል። እዚሁ ቬጋስ የተወለደ፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አገር ለአገር ሲዞር ሳምንትም ከዚያም በላይ ይጠፋል፤ ሆኖም ከየነዳጅ ማደያው ለእናቱ በየቀኑ አንድ ጉድ ይልክላታል። «ማሚ፣ ቦስተን ሲቲ ሞላሰስ ጎርፍ ሆኖ ሰው ገደለ። እውነት ወይስ ውሸት?» እሷ እያሰበች ትውልና ማታ ፍርዱን ውብሸት ይሰጣል። ሞላሰሱ፣ ያ የስኳር ዝቃጭ፣ እውነት ነበር። አመለወርቅ ያን ቀን «በስኳር መሞት! ምን ዓይነት ዕጣ ነው!» ብላ ከልቧ አዝናለች፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለሞቱ ሰዎች ማዘን የምትችል ሴት ናት።

ማክሰኞ ዕለት ውብሸት ተሳፋሪዎቹን ግድቡ ጋ አውርዶ ቫኑን ፓርክ እንዳደረገ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ዳግም ከሚሠራበት የጭነት ድርጅት አንዲት ሴት ናት። ዳግም የቅጥር ፎርም ሲሞላ፣ አደጋ ቢመጣ ይጠራልኝ ያለው አጎቱን ነበር። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋዮሚንግ ውስጥ መንገዱ በረዶ ጋግሮ እንደነበር፣ መኪናው ተንሸራቶ እንደተገለበጠ፣ የዳግምም ሕይወት እዚያው እንዳለፈ ነገረችው። ውብሸት «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» አላት። ምን እንዳመሰገነ እሱም አያውቅም።

ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ቱሪስት «የአባትና የልጁን ወሬ እነግራችኋለሁ ብለኸን ነበር» ብሎ አስታወሰው። እውነት ነው፤ ጠዋት ቃል ገብቷል። ግድቡ ገና ሲታሰብ ወንዙን ሲያጠኑ መጀመሪያ ከሞቱት አንዱ ሰምጦ የቀረ ሠራተኛ ነበር። ዓመታት አልፈው ግድቡ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ሟች ከማማ ላይ ወደቀ፤ እሱም የዚያ ሰው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ቀኑም ወሩም አባቱ የሞተበት ያው ዕለት ነበር። ውብሸት ይህን ስንት ጊዜ አውርቶታል፤ ስንቴስ «አቤት!» አስብሎበታል! አንድ ቀንም ስለዚያ ቤት እናት አስቦ አያውቅም። ማይክራፎኑ ተበላሽቷል አላቸው።

ቦልደር ሲቲ ላይ ለተሳፋሪዎቹ የመጸዳጃ ዕረፍት ሰጥቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ተክለማርያም ደወለ። ቄሱ «ብቻህን እንዳትነግራት» አሉት። «ደም ግፊት አለባት። ራሄል ትምጣ፤ ሰው ይሰብሰብ፤ በሥርዓቱ እናረዳታለን።» ራሄል የዳግም ታላቅ እህት ናት፤ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች። ሕፃን ልጇን አስይዛ መድረስ የምትችለው ዓርብ ማታ ነበር። መርዶው ለቅዳሜ ማለዳ ተቆረጠ።

እንግዲህ ሥርዓት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ስለዚህ የሰማው ሁሉ አፉን ያዘ፤ የውብሸት ጭንቀትም አንድ ብቻ ሆነ፤ እህቱ እስከ ቅዳሜ ከማንም አፍ እንዳትሰማ።

ቤት ሲደርስ አመለወርቅ ሽሮ ታማስላለች፤ ጾም ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«አለርጂዬ ነው። ይሄ የወይራ አበባ ሊገድለኝ ነው ዘንድሮ።» ማማሰያውን አስቀመጠችና ወደ እሱ ዞረች። «ዛሬስ? የምትነግረኝ የለም?»

ውብሸት ከሚያውቀው ሁሉ ቀልድ ያለበትን ፈለገ፤ ጭንቅላቱ ግን ባዶ ሆነበት። የመጣለት የኒው ኦርሊንስ ጦርነት ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ አውሮፓ ውስጥ የሰላም ውል ፈርመው፣ የውሉ ወሬ በመርከብ ባሕር እያቋረጠ ሳለ፣ እዚህ ሰላም መፈረሙን ያልሰማ ጦር ከጦር ገጥሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተና ቆሰለ። ሲጨርስ ወሬውን የመረጠበትን ምላሱን ረገመ።

«ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀውን እነሱ ብቻ ሳይሰሙ» አለች አመለወርቅ። ቀጥሎ የሚለው ነገር ያለ ይመስል ቆማ ጠበቀችው። ውብሸት አንገቱን ደፍቶ ሽሮውን በላ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቀም።

እሮብ ጠዋት ስልኳን ስጪኝ አላት። «ቫይረስ ገብቷል ይላሉ፤ ላጽዳልሽ።» ፌስቡኩን አጠፋው። ምንም አልጠየቀችውም። ላውንድሪ አብራት የምትሠራውን ወርቅውሃን ደግሞ ቀድሞ ለምኗታል፤ ማንም ሐበሻ ተጠግቷት እንዳያለቅስባት ሺፍቷን ቀይራ አጠገቧ እንድትውል። ወርቅውሃ ውላ ማታ ደወለችለት። «ምንም አልሰማችም» አለችው። «ዝም ብላ አንሶላ ስታጥፍ ዋለች። እኔ ነኝ መሳቅ የከበደኝ።»

ያን ማታ ራት ላይ አመለወርቅ የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች።

«ዳግም ዛሬም አልላከም» አለች።

ውብሸት የራሱን ጉርሻ ጠቀለለ።

«ምን ሆኖ ይሆን ውቤ?» ቀጥ ብላ አየችው።

አይ ውብሸት! እዚያ ላይ እጇን ቢይዛት ኖሮ! የቄሱ ቃል፣ የራሄል ትኬት፣ የደም ግፊቷ ኪኒን በዓይኑ ላይ መጡበት። «ኔትወርክ ይሆናል። ዋዮሚንግ አካባቢ ኔትወርክ የለም» አለ። እሷም ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ሳትበላም ተነሳች።

ያ ፊቷ ዕረፍት ነሳው። መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ቆለፈ። ከቫኑ ጋር የተሰጠችው፣ እህቱ ቁጥሯን የማታውቃት የሥራ ስልክ አለችው። አውጥቷት ጻፈ። በሕይወቱ ፈጥሮ አውርቶ የማያውቅ ሰው፣ በሟች ልጅ አፍ ጻፈ።

«ማሚ ፎኔ ተሰበረ። ይሄ የጓደኛ ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር ሰዎች ሴፕቴምበር ሁለት ተኝተው ሲነሱ ሴፕቴምበር አሥራ አራት ሆነ። እውነት ወይስ ውሸት?»

ወሬው እውነት ነው፤ እንግሊዞች የቀን አቆጣጠራቸውን ሲያስተካክሉ የሆነ ነው። የተቀረው ሁሉ ውሸት ነው። ላከው። ከግድግዳው ማዶ የእህቱ ስልክ ጮኸ። ወንበር ሲንሸራተት፣ እግሯ ሲሮጥ ሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከመርዘሙ የተነሳ ወድቃ ይሆን ብሎ ሊወጣ ሲል መልሷ መጣ።

«እውነት ነው ልጄ። በመሃል ያሉት ቀናት ግን የት ሄዱ? በርዶሃል?»

ውብሸት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፎጣ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰ። ዳግምን ጥርስ መቦረሽ ያስተማረው በዚያ መታጠቢያ ቤት ነበር። አልመለሰላትም፤ ምን ብሎ ይመልስ?

ሐሙስ ማታ አመለወርቅ ራሷ ጠየቀችው። «ያን የጃፓኑን ወታደር ወሬ ድገምልኝ።»

«ሰምተሽው የለ?»

«ድገምልኝ አልኩህ።»

ደገመላት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ አንድ የጃፓን መኮንን ፊሊፒንስ ውስጥ ባለች ደሴት ጫካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲዋጋ ኖረ። ጦርነቱ አልቋል የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን ጣሉለት፤ የጠላት ተንኮል ነው ብሎ አላመነም። የቤተሰቦቹን ፎቶና ደብዳቤ ጣሉለት፤ አላመነም። የገዛ ወንድሙ ከጃፓን ድረስ መጥቶ በድምፅ ማጉያ ተጣራ፤ ድምፁን አስመስለው ነው ብሎ አልወጣም። እሱ ባለማመኑ ደግሞ ስንት የደሴቲቱ ምስኪን ሰው ሞተ። በመጨረሻ የድሮ አዛዡ፣ ያኔ መጽሐፍ ሻጭ ሆኖ የነበረ ሰው፣ ጫካው ድረስ ሄዶ ፊቱ ቆሞ ትእዛዙን አነበበለት። ያን ጊዜ መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ወረቀቱን ግን አንብቦታል?» አለች።

«አንብቦታል።»

«ወንድሙንም ሰምቶታል።»

«ሰምቶታል። አላመነውም እንጂ።»

«ከሩቅ ስለጮኸ ነዋ» አለች አመለወርቅ። «ቀርቦ ቢነግረው ያምነው ነበር።»

ውብሸት ሳህኖቹን አነሳ። እህቱ እንደ ልማዷ በታሪክ ውስጥ ላለ ሰው እያዘነች መሰለው። ደክሞትም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ሲጠብቅ ውሎ ሲያድር መንጋጋው ታሟል። ነገ ዓርብ ነው፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ አብረን እናለቅሳለን እያለ ራሱን አጽናና። እህቱን ከሐዘን እየጠበቃት እንደሆነ ከልቡ ያምን ነበር፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበው።

ዓርብ ማታ ራሄልን ከኤርፖርት ተቀብሎ ወርቅውሃ ቤት አሳደራት፤ እሱም እዚያው አደረ። መኪና ውስጥ ተቃቅፈው የቻሉትን ያህል አለቀሱ። «ማሚ ምንም አታውቅም?» አለችው። «ምንም» አላት፤ ይህን ሲል ትንሽ ኩራት ነገር እንኳ ተሰማው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የአፓርታማው ፓርኪንግ በነጠላ ተሞላ። የሃይላንድ ውሃ ካርቶን የተሸከመ አለ፤ ከሌሊት ሺፍት የካዚኖ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር የመጣ አለ። ማንም ድምፁን አያሰማም። ቄስ ተክለማርያም ከፊት፣ ራሄል በወርቅውሃ ክንድ ተደግፋ ከኋላ። ውብሸት ቁልፉን አዙሮ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ እህቱ ተኝታለች ብሎ ነበር።

ሳሎኑ መብራት በርቷል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ከየክፍሉ የወጡ ወንበሮች፣ ከጎረቤት የተለመነ የሚታጠፍ ወንበር ሁሉ ሳይቀር፣ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሶፍት በየመሃሉ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የዳግም የምረቃ ፎቶ አለ፤ ፊት ለፊቱ ጧፍ በርቷል። አመለወርቅ ጥቁር ለብሳ፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ ፊቷ አዘቅዝቃ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች።

የገባው ሁሉ በሩ ላይ ተገተረ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱና «ልጄ አመለወርቅ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እጇን አነሳች።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውቤ ማታ ሳይገባ ሲያድር እንደምትመጡ ገብቶኛል። እርስዎ አይደሉም የሚነግሩኝ።» ዓይኗ ውብሸት ላይ ነው። «ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሁለት ፖሊሶች መጡ። የዳግም መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ የዚህ ቤት ነው ውቤ። ይሄን አላሰብክም።»

አላሰበም። ለሰው ሁሉ አፍ ልጓም ሲያበጅ፣ ይህች አገር መርዶዋን ለመታወቂያው አድራሻ እንደምታደርስ አንዴም አልመጣለትም።

«ስሜን መጥራት አቃታቸው። ‹ዩር ሰን› አሉኝ፤ ‹ሶሪ› አሉኝ። አንዱ ከዳግም የሚያንስ ልጅ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ውሃ ልስጥህ አልኩት። አመስግኜ ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ። ልጮህ ነበር። ብጮህ ማን ይይዘኛል? ወንድሜ ይምጣ፤ እሱ ይንገረኝ፤ ያኔ እጮሃለሁ አልኩ። መጣህ። መጥተህ ስለ ጦርነት ነገርከኝ።»

«እታለም...»

«እሮብ ልጄ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ጠየቅኩህ። እንድትነግረኝ ነበር። መልእክት ላክልኝ።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ካንተ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ ተነሳሁ። እያወቅኩ ዘልዬ ተነሳሁ ውቤ! እሱን እንዴት ብዬ ይቅር እንደምልህ አላውቅም። ስንቴ እንዳነበብኩት ደግሞ አትጠይቀኝ።»

ወርቅውሃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ አይደል ሥርዓቱ?» አለች አመለወርቅ ዙሪያውን እያየች። «እናንተ ብቻዬን እንዳላለቅስ ስታመቻቹ፣ እኔ ላውንድሪ ውስጥ ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲጮሁ እየጠበቅኩ ነበር የማለቅሰው። ወርቅውሃ አጠገቤ ቆማ አልሰማችኝም።»

ቄሱም መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ውብሸት ሄዶ ፊቷ ተንበረከከ። ይቅርታ ሊል ነበር፤ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ራሄል ትኬት ሊያስረዳ ነበር። ያ በማይክራፎን ዓለምን የሚያስቅ ሰው አንዲት ቃል አጣ።

አመለወርቅ ሁለት እጆቿን ፊቱ ላይ አደረገች። እጆቿን የላውንድሪው ሳሙና ሽታ አልለቀቃቸውም።

«የኔ ቤት ሰው እስካሁን አልነገረኝም» አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «ወረቀቱን ነው ያነበብኩት። ደክሞኛል፤ በል ንገረኝ። እንደ ሁልጊዜህ አድርገህ ንገረኝ።»

ውብሸት ትንፋሹን ሰበሰበ። «እታለም» አለ። «ብነግርሽ... ብነግርሽ አታምኚም።»

«ንገረኝ» አለች። «ካንተ አፍ ከሆነ አምናለሁ።»

«ዳግም ሞተ።»

አመለወርቅ ከማክሰኞ ጀምሮ የያዘችውን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኸች። ክንዶች ከየአቅጣጫው ተዘረጉ፤ ከሁሉ ቀድሞ የያዛት ግን ወንድሟ ነበር።